የበለዘ ጥርስ ከነጣ በኋላ ምን ይበላ፥ ምን ይጠጣ?



ጥርስ ምግብ ለማላመጥና ቃልን አጥርቶ ለመናገር ያገለግላል፤ ደግሞም ከሰው ጋር ስቆ ለመጫወት ያስፈልጋል። ጥርሱ የበለዘ ሰው ሲስቅ አፉን በመዳፉ ወይም በጋቢው ጫፍ ይሸፍናል። ልጃገረድ ከሆነችማ ጓደኞቿ ሲስቁ እርሷ ከንፈሯን ገጥማ ትቀመጣለች። ስለዚህ ዛሬ ከጋሞ ደጋም ሆነ ከቆላው ወደ ከተማ ሄዶ፥ በጥርስ ሐኪም ዘንድ ጥርሱን ማስነጣት የሚፈልግ ሰው አለ። ለዚህም ሲባል በግ የሚሸጥበት ቤት አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ማንጫው መድኃኒት ቀለሙን ከጥርስ ያወጣል እንጂ፥ ቀለሙን ያመጣውን ነገር ከቤት አያስወጣም። ስኒውና እንስራው እንደ ድሮው ከሆኑ ጥርሱም ቀስ እያለ ወደ ድሮው ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ጥርስ ስለምን እንደሚበልዝ፥ ከነጣም በኋላ በአመጋገብ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ከሁሉም በላይ የልጆች ጥርስ ከመጀመሪያው እንዳይበልዝ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስረዳል።

ጥርስ ስለምን ይበልዛል?

የጥርስ ላይኛው ክፍል ኢናሜል በሚባል ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ በሰው ገላ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ከሥሩ ያለው የጥርስ አካል ደግሞ ወደ ብጫ ያደላ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ጥርስ እንደ ወተት ነጭ ሳይሆን ጥቂት ብጫነት ያለው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ልባሱ እየሳሳ ስለሚሄድ ብጫነቱ ይጨምራል። ይህ በሽታ አይደለምና ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ከዚህ የተለየው መበለዝ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ቡና፥ ሻይ፥ የቡና ቅጠል፥ ጫትና ትምባሆ ጥርስን ያበልዛሉ። በቡናና በሻይ ውስጥ ታኒን የሚባል፥ አፍን ጭምድድ የሚያደርግ ነገር አለ። ቆዳ ፋቂ ቆዳ በሚያለፋበት የዛፍ ልጥ ውስጥም ይኸው ነገር ይገኛል። ምራቅ በጥርስ ላይ ሁልጊዜ ስስ ሽፋን ያለብሳል፤ ታኒኑም በዚህ ሽፋን ላይ ቀለሙን ያጣብቃል። ቡና ሲቀዳበት ውሎ ያልታጠበ ስኒ ውስጡ እንደሚጠቁር ሁሉ፥ ያልተጉመጠመጠ አፍም እንደዚያው ይሆናል።

ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። ይህ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ሴት ወይም ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከተሰጠ የልጁን ጥርስ ያበልዛል። ስለዚህ ከጎረቤት የተረፈ እንክብል ለልጅ መስጠት አይገባም። በቆላው አገራችን ግን ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የመጠጥ ውሃ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ

አርባ ምንጭ ከተማ፥ አባያና ጫሞ ሐይቆችም የሚገኙት በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዐለት የበዛበት ስለሆነ፥ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ያድናል፤ ሲበዛ ግን ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ጉድጓዶች ከዚህ ልክ የሚያልፉት ብዙ ናቸው። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ይህን የመሰለ ውሃ ለብዙ ዓመት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል፥ ከጥርሳቸው አልፎ አጥንታቸው የተጎዳና ጀርባቸው የደነደነ ተገኝተዋል። በዚያም ውሃውን በአሉምና በኖራ የማጣራት ዘዴ ተሞክሯል።

ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፥ አይሸትም፥ በምላስም አይለይም። ስለዚህ ውሃው ጥሩ ጣዕም አለው ብሎ መፍረድ አይቻልም። መጠኑ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፥ የምትቀዱበት ጉድጓድ የተመረመረ መሆኑን የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከደጋ የሚመነጭ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ከሞላ ጎደል የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ሲበቅል ወዲያው ቡናማ ሆኖ አይወጣም። በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ኖራ የነጣ መስመር ወይም ነጠብጣብ ነው። ጉዳቱ የከፋ ሲሆን ልባሱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ኋላ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ የምግብና የመጠጥ ቀለም እየገባ ይቀመጣል፤ ጥርሱም ይበልዛል። እንግዲህ ውሃው በሩን ይከፍታል፥ ምግቡና መጠጡ ይገባበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ቢነጣም ቀዳዳው ስለማይደፈን፥ ከሌላው ሰው ጥርስ ይልቅ ቶሎ ተመልሶ ይበልዛል። ስለዚህ የቆላ ሰው ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ሐኪም ጥርስን የሚያነጣው እንዴት ነው?

ሐኪሙ አስቀድሞ ጥርሱን መርምሮ ያጥባል፤ የጠጠረውንም ቆሻሻ ይፍቃል። ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣው ቀለም በዚህ ብቻ ስለሚለቅ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ካልለቀቀ ፔሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት በጥርሱ ላይ ይቀባል። ይህ መድኃኒት ወደ ልባሱ ውስጥ ዘልቆ ቀለሙን ስለሚሰባብረው ጥርሱ ፈካ ይላል። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛና ትኩስ ነገር ጥርስን ይጠዘጥዘው ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተዋል።

ነገር ግን የሚከተለውን ማወቅ ያስፈልጋል፦

1. ከፍሎራይድ የመጣ ብልዝ በፔሮክሳይድ ብቻ ሁልጊዜ አይጠፋም። ቀላሉ ይደበዝዛል፤ ከባዱ ግን ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሐኪሙን ጠይቁት።

2. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለሌላ ጊዜ ብታቆየው ይሻላል። ለልጆችም አይደረግም።

3. የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኃኒቱ አይነጣም፤ እንዳለ ይቀራል።

4. የነጣ ጥርስ ለዘለዓለም ነጭ ሆኖ አይኖርም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው በአብዛኛው የሰውዬው አመጋገብና ንጽሕና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች

መድኃኒቱ በጥርስ ላይ ያለውን የምራቅ ስስ ሽፋን ያነሣዋል፤ ጥርሱንም ያደርቀዋል። ሽፋኑ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ቢሆንም ብዙ ሐኪሞች ለሁለት ቀን ያህል ቀለም ካለው ነገር መታቀብን ይመክራሉ። በዚህ ጊዜ የተበላው ምግብ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው የሚሉ ጥናቶችም አሉ። ዳሩ ግን ሁለት ቀን መታገሥ ምንም ስለማያስከፍል መጠንቀቁ ይሻላል። ጥርሱ በፍሎራይድ የተጎዳ ሰውማ አጥብቆ ይጠንቀቅ።

ለሁለት ቀን የሚቆዩት እነዚህ ናቸው፦ ቡናና የቡና ቅጠል፥ ሻይ፥ በርበሬ የበዛበት ወጥና ዳጣ፥ እርድ የገባበት አልጫ፥ ቀይ ሥር፥ ጠጅ፥ ቀለም ያለው ለስላሳ መጠጥ፥ ጫትና ትምባሆ። እርድን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲነካ እንዴት እንደማይለቅ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

ሎሚና ሌላ የሚኮመጥጥ ነገርም ይቆይ። ኮምጣጣ ነገር ቀለም ባይኖረውም እንኳ የጥርስን ልባስ ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ልባስ ደግሞ ቀለም ይቀበላል፥ ቶሎም ይፋቃል።

ታዲያ ምን ይበላ? በጋሞ ቤት ነጭ ምግብ ሞልቷል። ቆጮና ቡላ፥ የተቀቀለ ድንችና ጎደሬ፥ የነጭ በቆሎ ቂጣ፥ ወተትና አይብ፥ የአርባ ምንጭ ሙዝ፥ ያለ በርበሬ የተቀቀለ የጫሞ ዓሣ፥ የእንቁላል ነጩ ክፍል፥ ሩዝም ቢኖር መልካም ነው። እነዚህ ሁሉ ሰውነትን ይገነባሉ እንጂ ጥርስን አያበልዙም። ሽፈራውና ከእርሱ ጋር የሚሠራው ኩርኩፋ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ጥርሱን ያስነጣው ሰው ብቻ ሁለት ቀን ያቆየው። ሽፈራው ለእናትና ለልጅ እጅግ የሚጠቅም ምግብ ነውና ሌላው የቤቱ ሰው አይተወው።

ከዚያ በኋላስ ቡና መተው ያስፈልጋልን?

አያስፈልግም። ቡና የወዳጅነት ማዕድ ነው፤ የቡና ቅጠልም ለጋሞ ሰው የጥንት መጠጥ ነው። የሚያስፈልገው አጠጣጡን ማስተካከል ብቻ ነው።

1. ቡናውን በአንድ መቀመጫ ጠጥታችሁ ጨርሱ። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያሉ መጎንጨት ጥርስን ሙሉ ቀን በቀለም መዘፍዘፍ ነው።

2. ከጠጣችሁ በኋላ አንድ ጉንጭ ንጹሕ ውሃ ተጉመጥምጣችሁ ትፉ። ይህ ከሁሉ የሚቀልና ከሁሉ የሚጠቅም ልማድ ነው። ለእንግዳም ከቡናው ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ ማቅረብ መልካም ነው።

3. ወተት ካለ በሻዩ ወይም በቡና ቅጠሉ ላይ ጨምሩበት። በወተት ውስጥ ያለው ነገር ታኒኑን ስለሚይዘው በጥርስ ላይ የሚጣበቀው ይቀንሳል።

4. ስኳር አታብዙ። ስኳር ራሱ ጥርስን ባያበልዝም ያበሰብሳል፤ የበሰበሰ ጥርስ ደግሞ ይጠቁራል።

5. የሚኮመጥጥ ነገር ከበላችሁ በኋላ ወዲያው ጥርሳችሁን አትፋቁ። በውሃ ተጉመጥምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

6. ጠዋትና ማታ በመኝታ ጊዜ ጥርሳችሁን በብሩሽ ወይም በመፋቂያ አጽዱ። የወይራ መፋቂያ ጫፉ ተላምጦ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ መልካም አገልግሎት ይሰጣል። ድድን እስኪያደማ መፈግፈግ ግን አይገባም።

ትምባሆንና ጫትን በሚመለከት ማስተካከያ የለም። የጋያም ሆነ የሲጋራ ጢስ ከቡና ይልቅ አጥብቆ ያበልዛል፤ ድድንም ያሳምማል፥ የአፍ ካንሰርም ያመጣል። ጥርሱን አስነጥቶ ማጨሱን የቀጠለ ሰው ገንዘቡን አባክኗል።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

አንዳንዶች ገንዘብ ለማትረፍ ጥርሳቸውን በከሰል፥ በአመድ፥ በአሸዋ ወይም በሎሚ ይፈገፍጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ጥርሱ የነጣ ይመስላል። ነገር ግን የተፋቀው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ልባሱም አብሮ ይፋቃል። ልባስ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም። ከሥሩ ያለው ብጫው አካል እየታየ ስለሚሄድ፥ ነጭ እንዲሆን የታሰበው ጥርስ ጭራሹን ብጫ ይሆናል።

ጥርስ ነጭ መስሎ እንዲታይ ድድን በመርፌ መወቀርም የቆየ ልማድ ነው። ይህ የጥርሱን ቀለም አይለውጥም። መርፌው ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወር ከሆነ ግን የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሌላው ስሕተት የደም ማነስ መድኃኒትን መፍራት ነው። ለነፍሰ ጡር እናት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት እንክብል ከውሃ ጋር ስለሚዋጥ ጥርስን አያበልዝም። ለጥርስ ብላ እንክብሏን የምትተው እናት ራሷንና ፅንሷን ትጎዳለች። ለሕፃናት የሚሰጠው በጠብታ ያለው ብረት ግን ጥርስን ሊያጠቁር ስለሚችል፥ ከሰጣችሁት በኋላ ልጁን ጥቂት ውሃ አጠጡት፤ ጥርሱንም ጥረጉለት። ጥቁረቱ ከላይ ስለሆነ ኋላ ይለቃል።

አንዲት እናትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ይህን ነገር ለማስረዳት የሚከተለው ጭውውት ይጠቅማል።

እናት፦ ልጄ፥ ትልቋ ልጄ ጥርሷ በልዞ ታፍራለች። ትንሹ ደግሞ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እሱም እንደሷ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ውሃውን አፍልቼ ብሰጠውስ?

ሠራተኛዋ፦ እማማ፥ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያልቅ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል።

እናት፦ እንግዲያ ምን ላድርግ? ሌላው ውሃ እኮ ሩቅ ነው፤ ለቤቱ ሁሉ አልችለውም።

ሠራተኛዋ፦ ለቤቱ ሁሉ አይደለም እማማ። ልብስ ይታጠብበት፥ ቤት ይጠረግበት፥ ከብቱም ይጠጣው፤ ለጊዜው ግድ የለም። ከሩቁ ምንጭ አንድ ጀሪካን አስመጥተው ለትንሹ መጠጥና ለምግቡ ማብሰያ ብቻ ለይተው ያስቀምጡለት። በክረምት ደግሞ ከንጹሕ ቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ያጠራቅሙለት፤ እሱን ግን አፍልተው ይስጡት።

እናት፦ እስከ መቼ?

ሠራተኛዋ፦ ስምንት ዓመት እስኪሞላው። የፊት ጥርሶቹ የሚሠሩት በተለይ እስከ ሦስት ዓመቱ ነውና አሁን ያለው ጊዜ ዋነኛው ነው። ከስምንት ዓመቱ በኋላ ልባሱ ተሠርቶ ስለሚያልቅ ጥርሱ በዚህ አይበልዝም። ለአጥንቱ ግን ደኅና ውሃ ምንጊዜም ይሻላል።

እናት፦ ትልቋስ?

ሠራተኛዋ፦ እሷን አታሸማቅቋት። ጥፋቷ አይደለም፤ ቆሻሻም አይደለችም። አድጋ ሐኪም እስክታይ ድረስ ከቡናና ከሻይ በኋላ ትጉመጥመጥ፤ በአሸዋና በከሰል ግን አትፈግፍገው።

ለሕፃናት ሊደረግ የሚገባው

ከላይ ከተባለው ሌላ እናቶች የሚከተለውን ያስታውሱ። የእናት ጡት ወተት፥ እናቲቱ የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ቢኖረውም እንኳ፥ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይጥባ። የቆርቆሮ ዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ሕፃን ግን ብዙ ፍሎራይድ ይወስዳል።

ምግብ ሲጀምር ወተት፥ አይብና ሽፈራው ስጡት። በእነዚህ ውስጥ ያለው ካልሲየም የፍሎራይዱን ከፊል በሆድ ውስጥ ይዞ ያስወጣል። ሻይ ለሕፃን አይሰጥ፤ የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለበት፤ የምግብን ብረትም ከሰውነት ያስቀራል። የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፥ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። እንዳይውጠውም አጠገቡ ቁሙ።

በአጭሩ

ጥርስን ለማስነጣት ከመክፈላችሁ በፊት ብልዙ ከምን እንደመጣ ከሐኪም ተረዱ። ከነጣ በኋላ ሁለት ቀን ነጭ ምግብ ብሉ። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ቡናና ሻይ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ። ትምባሆን ተዉ። በቤት ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ የሚጠጣውን ውሃ ለዩለት። የትልቁ ጥርስ በገንዘብ ይነጣ ይሆናል፤ የትንሹ ግን ዛሬ በሚቀዳለት አንድ ጀሪካን ውሃ ይድናል።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ልጅ ማንበብ ለማይችሉት ለእናቱና ለጎረቤቶቹ በቡና ሰዓት ያንብብላቸው።